ምላጩ የአንዱ፣ ንፋሱ የሌላው



በእኛ አገር «አልሞ ተኳሽ» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አንድ ሰው ነው። ፉከራውም ሽለላውም የነጠላ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ፉከራ ስለማይመቸው ተኩስ ነው፤ በቡድን ሆኖ ስለሚደረግ የረጅም ርቀት የዒላማ ተኩስ፣ በተለይም ስለ ልምምዱ። በዚህ ስፖርት ምላጩን የሚስበው አንድ ሰው ነው፤ ጠብመንጃው ለንፋሱ ምን ያህል ወዴት ይዙር ብሎ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ልምምዱ የሚከብደውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከአንድ አሮጌ ውድድር ልነሳ። በ1873 (እ.ኤ.አ.) አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገር የኤልቾ ጋሻ የተባለውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ። ልባቸው ሞላና አሜሪካውያንን በጋዜጣ ለግጥሚያ ጠሩ። በማግስቱ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኒውዮርክ አጠገብ፣ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው የክሪድሙር ሜዳ ተገናኙ። ከየወገኑ ስድስት ሰው፤ ርቀቱ 800፣ 900 እና 1000 ያርድ፤ በየርቀቱ ለእያንዳንዱ 15 ጥይት። 1000 ያርድ 914 ሜትር ነው። አየርላንዳውያኑ የያዙት በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ሪግቢ፣ አሜሪካውያኑ ደግሞ ከኋላ የሚጎርሱትን ሬሚንግተንና ሻርፕስ ነበር።

የአንድ ጥይት ከፍተኛ ነጥብ 4 ነበር። ከአየርላንዳውያኑ አንዱ፣ ሚልነር የሚባለው፣ አነጣጥሮ መሐሉን መታ። የመታው ግን የጎረቤቱን ዒላማ ነው፤ ዜሮ ተጻፈበት። ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲደርስ አየርላንድ በ931 ጨርሳለች፣ አሜሪካ 930 ይዛለች፣ የቀረው የጆን ቦዲን አንድ ጥይት ብቻ ነው። ቦዲን ደግሞ የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ ተሰብሮ እጁን ቆርጦታል። በቆሰለ እጁ ተኮሰ፤ መሐሉን አገኘው። 934 ለ931።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሁሉ የሚወዱት ቦዲንን ነው፤ ደሙም አለ፣ የመጨረሻዋ ጥይትም አለች። እኔን የሚይዘኝ ሚልነር ነው። ያቺ 4 ነጥብ ብትቆጠርለት አየርላንድ 935 ለ934 ታሸንፍ ነበር። የሰውየው ትንፋሽ፣ ዓይን፣ ጣት እንከን አልነበረባቸውም፤ የተኮሳትም ጥሩ ጥይት ነበረች። በማነጣጠሪያው ቀዳዳ የሚያይ ሰው ግን ዓለሙ ጠባብ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የገባው ዒላማ የማን እንደሆነ ቀዳዳው አይነግረውም። ያን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን ከአጠገቡ ያስፈልገዋል።

ከዚያ ግጥሚያ ሁለት ዓመት በኋላ የፓልማ ዋንጫ የተባለው የቡድን ውድድር ተጀመረ፤ ሦስቱ ርቀቶች እስካሁን እነዚያው ናቸው። ዛሬ በዓለም ሻምፒዮናው አንድ ቡድን 16 ተኳሽ ያሰልፋል፤ ከየተኳሹ ኋላ ወይም ጎን ንፋስ አንባቢው በመነጽሩ ፊት ይቀመጣል። ተኳሹ በደረቱ ተኝቶ፣ ማንገቻውን ክንዱ ላይ አጥብቆ፣ ማነጣጠሪያውን መሐል ላይ ያሳርፋል። ንፋስ አንባቢው እጁን ዘርግቶ የማነጣጠሪያውን መዞሪያ ራሱ ያዞራል። ጠብመንጃውን ሌላ ሰው ሲነካበት ፊቱ ለሚጠቁር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ንፋሱን ማንበብ ለምን ለብቻው የአንድ ሰው ሥራ ሆነ? ጥይቷ 1000 ያርድ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ትፈጃለች። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ በዚያች ጊዜ ከሁለት ሜትር በላይ ይገፋታል። ማነጣጠሪያው የሚዞርበት ትንሽ መለኪያ፣ አንድ የማዕዘን ደቂቃ፣ በዚህ ርቀት 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ንፋሱን ትንሽ ያሳነሰ ሰው ከመሐሉ ክብ ወጣ ማለት ነው። በሜዳው ላይ የተተከሉት ባንዲራዎች ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም፤ የቅርቡ ወደ ቀኝ ሲውለበለብ የሩቁ ተኝቶ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የቅርቡ ይበልጥ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ላይ የተገፋች ጥይት እስከ መጨረሻው እየራቀች ትሄዳለችና። ንፋሱ ሲለዝብ ከባንዲራው ይልቅ ከመሬት የሚነሳው የሙቀት እርግብግቢት ይታመናል። እሱ ወደ ጎን ሲፈስ ንፋሱ ይነበባል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲንተከተክ ግን ንፋሱ አቅጣጫ ሊለውጥ ይችላልና ብልህ አንባቢ «ቆይ» ይላል።

እንግዲህ ልምምዱ። መጀመሪያ የሁሉም ጠብመንጃ ማነጣጠሪያ ፀጥ ባለ ቀን፣ በአጭር ርቀት፣ በአንድ መለኪያ ይስተካከላል፤ አለዚያ የአንባቢው «ሁለት ግራ» ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሦስት ይሆናል። ፀጥ ያለ ቀን የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ባለ ቀን ውጤት እየቆጠሩ መደሰት፣ በእኔ እይታ፣ ጥይት ማባከን ነው። ቡድን የሚሠራው ንፋሱ ሲያስቸግር ነው።

ቀጥሎ የተኳሹ ቃል ይመጣል። ጥይቷ እንደወጣች፣ ዒላማው ሳይታይ፣ ማነጣጠሪያው የት እንደነበር ይናገራል። «ጥሩ ነበር» ብሎ ከዋሸ አንባቢው የተኳሹን እጅ ስህተት የንፋስ ለውጥ ነው ብሎ ያስተካክላል፤ ቀጣይዋ ጥይትም ትበላሻለች። ፈረንጆቹ አቅጣጫውን በሰዓት ቆጣሪ መልክ ይናገራሉ፤ ሦስት ሰዓት ቀኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግራ። ይህን በአማርኛ ለሚያሠለጥን ወዮለት! ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ለሞላው ሦስት ሰዓት ቀኝ ነው፤ ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቶ በልቡ በአማርኛ ለሚያነበው ደግሞ ሦስት ሰዓት ግራ ነው። ቀኝና ግራ እያሉ መናገር ይሻላል።

ክርክርም መከልከል አለበት፤ ተኩሱ ላይ ማለቴ ነው። የተሳሳተች ጥይት የማን እንደነበረች ማታ፣ መዝገቡ ተገልጦ፣ ይታያል። ተኳሹም በአንባቢው ወንበር፣ አንባቢውም በተኳሹ ምንጣፍ የሚውልበት ቀን ይኑር። እርግብግቢቱ ሲንተከተክ «ቆይ» ብሎ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ከፊቱ የተኛው ሰው ጀርባ በትዕግሥት ማጣት ሲወጠር ያየ ተኳሽ፣ በሌላ ቀን «ቆይ» ሲባል ጣቱን ከምላጩ ለማንሳት አይቸገርም።

አንባቢው እያንዳንዷ ጥይት ከመውጣቷ በፊት የዒላማውን ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲናገር እመክራለሁ። ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። ሚልነር ያቺን ጥይት ከመተኮሱ በፊት ያን የነገረው ሰው የነበረ አይመስለኝም።