ብርሃንና ትንሿ ከበሮ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የመዋጮ ቀን አንዲት እናታችን በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ክብ ብረት አሳይተውኝ፣ «ልጄ፣ ይኸ ኳንተም ነው፣ ሕመም ይስባል ብለው ሸጡልኝ፤ እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቡና ሽያጭ ገንዘባቸውን ከፍለውበታል። መንገድ ዳር ቆመን የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበርና፣ ዛሬ ለሁላችንም ባስረዳ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

ኳንተም የሚባለው ትምህርት እውነተኛ ትምህርት ነው። እንደ አቶምና እንደ ብርሃን ቅንጣት ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚመሩበትን ሕግ ያጠናል። ከነዚህም አንዱ ቁርኝት ነው። ሁለት ነገሮች ከተቆራኙ በኋላ ቢራራቁም እንኳ በአንዱ ላይ የሚገኘው ልክ ከሌላው ጋር ይገጥማል። «ታዲያ ምኑ ይደንቃል? ከአንድ ጥንድ ጫማ አንዱን ሰኮሩ አስቀርተን ሌላውን ጅማ ብንልክ፣ እዚህ የቀረው ግራ ከሆነ የሄደው ቀኝ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጫማው ከመነሻውም ግራ ወይም ቀኝ ነበር። ቅንጣቶቹ ግን እንደ ጫማው መልሳቸውን እየራሳቸው ይዘው ተለያዩ ቢባል፣ የሙከራው ውጤት አይገጥምም። ይኸንን በሙከራ ያሳዩት አስፔ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር በ2022 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁንና በዚህ መንገድ ወሬ መላክ አይቻልም።

ብርሃንስ ከብረት ጋር ይቆራኛል ወይ? አዎን። ብርሃን ያረፈበትን ነገር በጥቂቱ ይገፋል። የተገፋው ነገር እንደ ከበሮ ቆዳ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ በተራው ብርሃኑን ይለውጠዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦልደር ከተማ ተመራማሪዎች ስፋቷ 15 ማይክሮን ገደማ የሆነች፣ ማለትም ከራስ ፀጉር ውፍረት የምታንስ የአሉሚኒየም ከበሮ፣ የብርሃን ዘመድ ከሆነው ከማይክሮዌቭ ሞገድ ጋር አቆራኝተዋል። ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ኢዮብ ሰቴም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የብርሃን ቁርኝት ተራርቀው ወደተቀመጡ ሁለት ተንቀሳቃሽ መስተዋቶች ሊተላለፍ እንደሚችል በስሌት አሳይተዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቪየናና የዴልፍት ተመራማሪዎች በሌላ ዘዴ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው የነበሩ ሁለት ጥቃቅን የሲሊኮን ዘንጎችን አቆራኙ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያቺ ከበሮ የተቆራኘችው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሊደርስ ጥቂት በቀረው ብርድ ውስጥ፣ ከሁሉ ነገር ተከልላ ነው። ጥቂት ሙቀት ካገኛት ቁርኝቱ ይጠፋል። ታዲያ በሰው አንገት ሙቀት ላይ፣ በላብና በአቧራ መሐል የሚውል ብረት ይኸንን ቁርኝት ከየት ያመጣዋል? ቢያመጣውስ ሕመም ለመሳብ ምን ያደርግለታል?

እናታችንን አልወቅስም፤ የታመመ ሰው የነገሩትን ሁሉ ይሞክራል። የምለምነው ግን ይኸን ነው፦ የማናውቀው ስም ሲጠራልን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ትምህርት ቤት ያሉትን ልጆቻችንንና መምህራኑን እንጠይቅ፤ ሕመሙን ደግሞ ጤና ጣቢያ እናሳይ። ዕድር ለቀብር ብቻ አይደለም፣ በሕይወት ሳለንም እንድንመካከር ነው።