ስለ ቴአትር ቡድናችን
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቴአትር ቡድናችን አባሎች አሥራ አንድ ነን። ደመወዝ የሚከፈለው ከመካከላችን የለም። መጋረጃችን አንሶላ ነው፤ የምንለማመደውም ከእራት በኋላ፥ ዘበኛው መብራት እስኪያጠፋብን ድረስ ነው። ይህን የምንነግራችሁ እንድታዝኑልን አይደለም። ቴአትርን ለአገራችን ያስተዋወቁት እንደኛው ሌላ ሥራ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ተውኔት የደረሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁ የመንግሥት ሰው ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤም በመምህርነታቸው ዘመን ተማሪዎቻቸውን ለመድረክ አበቁ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያ ዘመን ግን እናት ወይም ሙሽራ ሆኖ የሚጫወተው ነጠላ የተከናነበ ወንድ ነበር።

ዛሬ ያ ዘመን አልፏል እንላለን። ሆኖም ባለፈው ወር የእናቲቱን ቦታ የምትጫወተውን እኅታችንን አባቷ «ልጄን ያስተማርኋት አዝማሪ እንድትሆን አይደለም» ብለው ከለከሏት። አንዳንዶቻችን ቦታዋ ለወንድ ይሰጥ አልን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ግን ቦታዋን ለማንም ላለመስጠት ወሰንን። አባትዮው ያፈሩት ቴአትር አይተው ሳይሆን ስለ ቴአትር ሰምተው ነውና፥ ሦስት ሽማግሌዎች ልከን ልምምዳችንን እንዲያዩ ለመንናቸው። ለቅዳሜ እሺ ብለዋል።

ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወላጅ ዘመዳችሁን ይዛችሁ ኑልን። አባትዮው አዳራሹ ሲገቡ ከእኛ በቀር ሰው ባያዩ የሽማግሌዎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል።