ደረቂቱ በትር ያፈራችው ለውዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በሮቤና በጎባ ገበያ ለውዝ ሲባል የምናስበው ከቆላ መጥቶ የሚሸጠውን፣ ቆልተን የምንበላውን ፍሬ ነው። እርሱ ግን ከመሬት በታች የሚያፈራ፣ የአተርና የባቄላ ወገን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ለውዝ የሚለው በዛፍ ላይ የሚያፈራውን፣ በግእዝም ከርካዕ የሚባለውን ነው።

ይህ ዛፍ በቅድስት አገር ሌሎቹ ዛፎች ሳይነቁ፣ ቅጠልም ሳያወጣ አስቀድሞ ያብባል፤ የዕብራይስጥ ስሙም ከመትጋትና ከመንቃት ጋር የተዛመደ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ለኤርምያስ የለውዝ በትር ባሳየው ጊዜ ቃሉን ለመፈጸም እንደሚተጋ አስተማረው (ኤር. 1፥11-12)። የአሮንም በትር ሳይተክሏት፣ ውኃ ሳያጠጧት ለውዝ ስላፈራች (ዘኍ. 17፥8) አባቶቻችን ያለ ዘርዐ ብእሲ አምላክን ለወለደች ለእመቤታችን ምሳሌ ያደርጓታል።

ለውዝ ለሥጋም ይጠቅማል። ዘይትና ገንቢ ምግብ ስላለበት፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቍላል በምንተውባቸው በ7ቱ አጽዋማት ኀይል ይሆናል። በገበያችን ያለውም እንዲሁ ነው፤ የሻገተውን ግን ማንም አይብላ፤ መርዙን መቍላት ፈጽሞ አያጠፋውምና።

ከዛፉም ለውዝ ጣፋጭና መራራ አለ። መራራው በመልኩ ጣፋጩን ይመስላል፤ በውስጡ ግን መርዝ ይዟል። ጾማችንም እንደዚሁ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ይጾማሉ፤ አንዱ ያስቀረውን ምሳ ለተራበ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ግን ለራቱ ይደርበዋል። ሰው የሚያየው አንድ መልክ ነው፤ እግዚአብሔር ግን ፍሬውን ሰብሮ ያያል።

ያዕቆብ በረኃብ ዘመን እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ የሚወርዱትን ልጆቹን ማርና ለውዝ እጅ መንሻ አስያዛቸው (ዘፍ. 43፥11)። እህል ያጣ ሰው የሚሰጠው ካላጣ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተራራ በታች ስንዴና ገብስ አምርተን ጎተራ የሞላን እኛ ምን እንመልሳለን? ኮምባይነሩ ካለፈ በኋላ ቃርሚያ ልትለቅም ወደ እርሻችን የምትገባውን መበለት ለከብቶቻችን ገለባ ስንል እናባርራታለንን? የእርሻህን ቃርሚያ ለድኃና ለመጻተኛ ተው ብሎ ያዘዘ እርሱ ነው (ዘሌ. 19፥9-10)።

እንግዲህ ምእመናን፤ በመጪው አጨዳ ከእርሻችን ዳር ጥቂት እናስቀር። ደረቂቱን በትር ያለመለመ አምላክ የደረቀ ልባችንንም ለምሕረት ፍሬ ያብቃልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።