ማሳወቅ እና ማስፈቀድ

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ክፍል ሲነሣ የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነው። እሱ በጽሑፍ ታድሏል፤ ቡናው ሲፈላ እንጠያየቅበታለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሰላማዊ ሰልፍ ነው። ሒሳብ ያዦች ምን አገባቸው የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩ ወደ እኛ የመጣው በቁጥር በኩል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ውሃ አቤት ለማለት ከሌሎች ጋር አደባባይ ከወጡ አባሎቻችን ሁለቱ ተያዙ። የት ጣቢያ እንደነበር አናነሣም። ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገብተው ሰኞ 5 ሰዓት ላይ ተለቀቁ። እኛ በእነዚያ ቀናት ምን ሠራን? እንጀራ በአገልግል፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘን በር ላይ ቆምን። ጥበቃውን «እባክህ ልጄ» አልን። ለቅሬው ዳኛ ነገርን። አለቀስን። ፍርድ ቤት የሄደች ግን ከመካከላችን አንዲትም አልነበረችም። ከወጡ በኋላ ቁጭ ብለን ስንደምረው 97 ሰዓት ሆነ። ሕገ መንግሥቱ የሚለው 48 ነው። ብናውቅ ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት «ተረኛ ችሎቱ የት ነው?» ብለን እንጠይቅ ነበር። አንደኛዋን የፈተሻት ደግሞ ወንድ ነው። እስከ ዛሬ ነገሩ ሲነሣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ስለዚህ ሕጉን አገላብጠን ማንበብ ጀመርን። ጠበቆች አይደለንም፤ ያነበብነውን ነው የምናካፍላችሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰልፍ የመውጣትና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። ቦታውንና መንገዱን ለማስተካከል፣ ሰላምንና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ ሥርዓት ሊወጣለት እንደሚችልም ይጨምራል። ያ ሥርዓት ከሕገ መንግሥቱ በፊት የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ሰልፍ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ብለን እንጠይቃለን። አዋጁ ግን ከአዘጋጆች የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። ሰልፉ ከመደረጉ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ፣ በከተማ ለማዘጋጃ ቤት፣ በገጠር ለወረዳው አስተዳደር ይነገራል። ጽሑፉ ላይ ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚገመተው የሰው ብዛት፣ ከመንግሥት የሚፈለገው እገዛ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል። ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ቦታ ይሻላል ካለ፣ ማሳወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል። ከነጭራሹ አይደረግም ማለት ግን አይችልም።

በአንድ ግሥ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሉታል የምትል እህት ብትኖር፣ ከውጫሌ ሰው መሆኗን እንጠራጠራለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚሁ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ጣጣው ምን ነበር? በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። በመቻልና በመገደድ መካከል አድዋ ገባ። በማሳወቅና በማስፈቀድ መካከል ያለው ልዩነት የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ብዙ ጊዜ ማሳወቂያው እንደ ፈቃድ ማመልከቻ ይቆጠራል፤ «አልተፈቀደም» የሚል መልስ የደረሳቸው አዘጋጆች በየከተማው ሞልተዋል። እኛ ማድረግ የምንችለው የሙያችንን ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር አልተደረገም። ደብዳቤ ስናስገባ መዝገብ ቤት ቀርበን በግልባጩ ላይ ቀን፣ ሰዓትና የገቢ ቁጥር እናስጽፋለን። አልቀበልም ከተባለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ልከን ደረሰኙን እናስቀምጣለን። 48ቱም ሆነ 12ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ስለ ቦታ በአጭሩ። ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከመስጊዶች፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ቦታ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከገበያው በ100 ሜትር ውስጥ ሰልፍ አይደረግም። ከጦር ሰፈርና ከፀጥታ ተቋም ርቀቱ 500 ሜትር ነው። የደሴ ወልድያ መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ በሚያልፍ ትንሽ ከተማ ይህን በሜትር ለክተን ብናወጣ የሚተርፈን መንገድ ጥቂት ነው! ቢሆንም አስቀድሞ ለክቶ መውጣት፣ በኋላ «ክልክል ቦታ ገብታችኋል» ከመባል ይሻላል። ከሰልፈኛ መሃል መሣሪያ የያዘ ሰው ከታየም ዝም ብለን ከጎኑ አንሄድም።

ሴቶች ለምን አደባባይ ይወጣሉ የሚለውን ጥያቄ ዛሬም እንሰማዋለን። በ1993 የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት በመቃወም አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ መርቶ ነበር። ከወራት በኋላ ማኅበሩ ታገደ፤ እገዳው ቆይቶ ተነሣ። ሰልፍ ለማኅበር ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ደጋፊዎቻችን በግልጽ እንዲያውቁት ስለምንፈልግ ነው ይህን የምናነሣው። በጥር 2012 ደግሞ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለታገቱት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች ለነበሩት፣ በክልላችን ከተሞች ሕዝብ ወጣ። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልካ ስልክ የምትጠብቅ እናት ያን ቀን ቤቷ ተቀመጪ ብትባል እሺ ትል ነበር?

አሁን ወደ ሁለቱ እህቶቻችን እንመለስ። የተያዘች ሴት ለምን እንደተያዘች በምታውቀው ቋንቋ ወዲያው ሊነገራት ይገባል። ዝም የማለት መብት አላት፤ የምትናገረው ነገር በማስረጃነት ሊቀርብባት እንደሚችልም ሊነገራት ይገባል። አንቀጽ 19 ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት፤ ከዚህ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ካልቀረበች ዘመድ ወይም ጠበቃ ለፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ባሏ፣ የቅርብ ዘመዶቿ፣ ጓደኞቿ፣ የሃይማኖት አባቷ፣ ሐኪሟና ጠበቃዋ ሊጠይቋት እንደሚችሉ አንቀጽ 21 ላይ ተጽፏል። «ጓደኛ» የሚለው ቃል እኛን ያጠቃልላል፤ በር ላይ ስንመለስ ይህን አናውቅም ነበር። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ብቻ መሆኗን የሥነ ሥርዓት ሕጉ የሚናገረው ከ1954 ጀምሮ ነው። «ሴት ፖሊስ ትምጣልኝ» ማለት እምቢተኝነት አይደለም። በእጅ ግን አንታገልም፤ የሆነውን፣ ሰዓቱንና የፖሊሱን መለያ በልባችን ይዘን ለዳኛው እንናገራለን።

ከሁሉ የሚያሳስበን ፊርማ ነው። ከአባሎቻችን ማንበብ የማይችሉ አሉ። የሰጠሽው ቃል ቃል በቃል ሳይነበብልሽ አውራ ጣትሽን አታሳርፊ። ያላልሽው ነገር ከተጻፈ «አላልኩም፣ ይታረም» በይ። ይህንንም ከይስማ ንጉሥ በላይ የሚያስተምር ያለ አይመስለንም።

ዋስ በተመለከተ፣ ፍርድ ቤት በገንዘብ ዋስ ሲፈቅድ የሚያዘው ገንዘብ ግዴታው ከተጠበቀ ተመላሽ ነው። ደረሰኙን የጣለ ሰው ግን ሲመላለስ ይከርማል።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ውሸት ይሆንብናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በደኅና ቀን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን ምክንያት የታወጀውና በ2016 የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በነበረበት ወቅት ሰልፍ መውጣት የሚታሰብ አልነበረም። የ48 ሰዓቱም ነገር እንዲሁ። በአንቀጽ 93 መሠረት በዚያን ጊዜም እንኳ የማይነኩ ጥቂት አንቀጾች አሉ፤ ጭካኔና ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አንዱ ነው። ስለዚህ «እንውጣ» የሚል ጥሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ዛሬ አዋጅ አለ ወይስ የለም የሚለው ይሁን። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ እዚያው አንቀጽ 30 ውስጥ አቤቱታ የሚል ቃል አለ። 200 ፊርማ ያለበት ወረቀት እግር አያደክምም፤ ግልባጩም ለእንባ ጠባቂ ተቋምና ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ይሄዳል።

ለዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ማንኛዋም አባል አቤት ለማለት ስትወጣ ስሟን፣ ልጆቿን ማን እንደሚቀበልላትና ማን ይደወልለት እንደምትል ለጸሐፊያችን አስመዝግባ ትሂድ፤ መታወቂያዋንም ትያዝ። ሁለተኛው፣ ለዋስና ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ ከአባላት መዋጮ ብቻ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ከለጋሾች የመጣው ለተሰጠበት ሥራ ብቻ ስለሚውል ከእሱ አንነካም። በወር ከአንዲት አባል 10 ብር አስበናል። ይበዛል የምትሉ፣ ያንሳል የምትሉ፣ ይህ የማኅበር ሥራ አይደለም የምትሉም እጃችሁን አውጡ። ቃለ ጉባኤው ተከፍቷል።