ክትባትን በስሌት መፈለግ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የፈንጣጣ ክትባት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1796 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው የወባ ክትባት በሰፊው ለሕፃናት እንዲሰጥ የመከረው ግን በ2021፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ2023 ነው። ይህን ያህል ዘመን ለምን ፈጀ? ገዳዩ የወባ ተሕዋስ ከ5 ሺህ በላይ ጂኖች አሉት፤ በትንኝ፣ በጉበትና በደም ውስጥ መልኩን ይለዋውጣል፤ በደም ውስጥም ሳለ ልብሱን እየቀያየረ ከሰውነት ዘብ ያመልጣል። ሁለቱም ክትባቶች ከተሕዋሱ የወሰዱት አንዱን ፕሮቲን ብቻ ነው።

የቀሩትን አንድ በአንድ በቤተ ሙከራ እንፈትን ብንል ዕድሜያችን አይበቃም። የስሌት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የተሕዋሱ የጂን መዝገብ በ2002 ስለ ታተመ፣ ኮምፒዩተር የትኛው ፕሮቲን በተሕዋሱ ገጽ ላይ እንደሚገኝ፣ የትኛው ከአገር አገር እንደማይለዋወጥ፣ የትኛውስ ቁራጭ በሰው መከላከያ ሕዋስ እንደሚታወቅ ይገምታል፤ እጩዎቹንም ከሺህ ወደ ጥቂት ያወርዳል። ፍርዱን የሚሰጠው ግን ቤተ ሙከራው ነው።

ዳሩ ግን ማሽን ያላየውን አያውቅም። ቁራጮቹን ለመከላከያ ሕዋስ የሚያሳዩት ሞለኪውሎች ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያሉ፤ ለግምቱ የሚያገለግለው መረጃ ግን የሚበዛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ የቀን ሠራተኛውን የሚይዘው፣ ካልታከመም የሚገድለው ካላ-አዛር እስከ ዛሬ ለሰው የተፈቀደ ክትባት የለውም። የእኛ ደም በመዝገቡ ካልገባ፣ ለእኛ የሚስማማውን ማን ያሰላልናል?

ስለዚህ የሒሳብ ተማሪና የሥነ ሕይወት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የስሌቱ ሰው ምን እንደሚፈለግ ካልተነገረው፣ የቤተ ሙከራውም ሰው ከየት እንደሚጀምር ካላወቀ፣ ሁለቱም በጨለማ ይዳክራሉ።