ስሙ የተጻፈው ፎቶው ላይ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ውስጥ?

የዛሬው ርእሳችን የቤት ኮምፒውተር ላይ ፎቶ ለማደራጀት በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው። ስለ እነርሱ የሚሰማው ቅሬታ ብዙ ነው፦ ይንቀራፈፋሉ፣ አንዱን ፎቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረድራሉ፣ ሰው ራሱ የከፈተውን ፎልደር ይሰውሩበታል። ይህ ሁሉ ያበሳጫል፤ ቢሆንም ጊዜ ተሰጥቶት የሚስተካከል ነው። የማይስተካከለው ሌላ ነው። አንድ ቤተሰብ በትርፍ ሰዓቱ ተቀምጦ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን እያየ «ይቺ አክስቴ ናት፣ ይህ የእገሌ ሠርግ ነው» እያለ የመዘገበው ሁሉ፣ ፕሮግራሙ ሲቋረጥ ወይም ኮምፒውተሩ ሲቀየር ደብዛው ይጠፋል። ፎቶዎቹ አሉ፤ ማን ማን እንደሆነ የሚናገረው ግን የለም። ስለዚህ ፕሮግራም ስንመርጥ ከመልኩም ከፍጥነቱም አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ የምንጽፈውን የት እንደሚያስቀምጥ ነው።

የወረቀት ፎቶ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሲጻፍበት ጽሑፉ ፎቶው የሄደበት ሁሉ ይሄዳል። የዲጂታል ፎቶም እንዲህ ያለ ጀርባ አለው። ካሜራው ቀኑንና ሰዓቱን የሚመዘግብበት ኤግዚፍ የሚባል ክፍል በፋይሉ ውስጥ አለ፤ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ኤክስኤምፒ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ስም፣ መግለጫና ቁልፍ ቃል እዚያው ፋይሉ ውስጥ ለመጻፍ ያስችላል። በዩኒኮድ ስለሚሠራ በፊደላችን የጻፍነውንም ሳያበላሽ ይይዛል። ነገር ግን ብዙ ፕሮግራሞች ፍለጋው እንዲፈጥንላቸው የምንጽፈውን በራሳቸው ዳታቤዝ ብቻ ያስቀምጣሉ። ፎቶውን በፍላሽ ገልብጠን ለዘመድ ስንሰጥ የሚሄደው ባዶውን ነው።

ለዚህ ከፒካሳ የተሻለ ማስረጃ የለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 ገዝቶ በነጻ ያደለው ይህ ፕሮግራም በብዙ አገር የቤት ፎቶ ማደራጃ ሆኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ድጋፉ ተቋረጠ። ልብ በሉ፣ በጄፔግ ፎቶ ሥር የተጻፈው መግለጫ የሚቀመጠው ፋይሉ ውስጥ ስለነበር ዛሬም በሌላ ፕሮግራም ይነበባል። የቀለምና የቁረጣ ማስተካከያው ግን ተጠቃሚው ሴቭ ካላደረገው በየፎልደሩ በተደበቀች ትንሽ ፋይል ውስጥ ይቀር ነበር። የፊት መለያ ስሞችም ፎቶው ላይ እንዲጻፉ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ካልታዘዘ በቀር ፎቶው ውስጥ አይገቡም ነበር። በአንዱ ፕሮግራም፣ የአንዱ ሰው ድካም፣ ግማሹ ዳነ፣ ግማሹ ለችግር ተዳረገ። ልዩነቱን ያመጣው የተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው።

«በነጻ ወስዶ ምን ያማርራል?» የሚል አይጠፋም። ገንዘብ አልተከፈለም እንጂ ጉልበትና ጊዜ ተከፍሏል፤ የሚቆጨውም እሱ ነው። መክፈልም ዋስትና አይሆንም፦ አፕል በገንዘብ ይሸጠው የነበረውን አፐርቸር የተባለ የፎቶ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2014 ማሳደጉን እንደሚያቆም አስታውቋል። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል ይላል። ለመጠባበቂያ ቅጂ መልካም ነው። ሆኖም ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ቦታ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮ በ15 ጊጋባይት ሂሳብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ፎቶን ጠቅልለን ስናወርድም የጻፍነው መግለጫ ከጎን በተለየ ፋይል ነው የሚመጣው።

ከሁሉ ክብደት ያለው ተቃውሞ ዋናውን ፎቶ መንካት አደገኛ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ፕሮግራሙ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ይህ ተራ ስጋት አይደለም። መፍትሔው ሥራውን ከመጀመር በፊት በውጭ ሃርድ ዲስክ ቅጂ መያዝ፣ አለዚያም ጽሑፉ ከፎቶው ጎን በራሱ የኤክስኤምፒ ፋይል እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ዲጂካም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ፎቶው ውስጥም ከጎኑም መጻፍ ይችላል። ዝርዝሩ የበዛበትና ለጀማሪ የሚከብድ ነው፤ እኔ ግን ከሚያምረው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ለእኛ የሚጨመር ነገር አለ። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የላከው ምስል የተነሣበት ቀን ተገፍፎ ይደርሰናል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ቀኑ አብሮት ይመጣል። ካሜራና ስልክም ኤግዚፍ ላይ የሚመዘግቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና የእኛን ቀን መግለጫው ላይ እንጻፈው። ፎልደሮችን ስንሰይምም ሁለቱን አቆጣጠር አንቀላቅል፤ ከተቀላቀሉ ቅደም ተከተሉ በሰባትና በስምንት ዓመት ይዛባል።

ፕሮግራሙን መፈተን ቀላል ነው። በአንድ ፎቶ ቅጂ ላይ መግለጫ ጽፋችሁ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ውሰዱት፤ ዊንዶውስ ከሆነ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲቴይልስ የሚለውን ክፈቱ። የጻፋችሁት እዚያ ከታየ ሥራችሁን ቀጥሉ። ካልታየ፣ ወደ ፋይሉ ጻፍ የሚል ማስተካከያ ፈልጉ፤ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ከሌለው የአንድም ሰው ስም አትመዝግቡበት።