የሐይቅ ዳር ዕረፍትና የገበያ ቀን

አቅራቢ፦ ከንፋስ መውጫ ጣና ዳር ለዕረፍት የወረደ ቤተሰብ አንዱን ቀን ለገበያ ቢያውል ደግ አደረገ እላለሁ። በደብረ ታቦር በኩል ያለው መንገድ ራሱ ይመሰክራል፤ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የሸመነውን እዚያው ይሸጣል፤ ወረታ ላይ የፎገራ ሩዝ አለ። ልጆች ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሠራውን ሰው ያያሉ፤ ወንዱም ሴቷም ሲሸምኑ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

አቅራቢት፦ ወንድሜ፣ ኑሮ በከበደበት ዘመን ለትራንስፖርትና ለማደሪያ የወጣው አይበቃም? ጋቢውም ሩዙም እኛው ገበያ ይገኛል።

አቅራቢ፦ ስጋትሽ እውነት ነው እህቴ፤ ስለዚህ የሚገዛው ከቤት ሳይወጡ ይወሰን። እንደ እኛው ጋይንት ባለ ደጋ ጋቢ ቅንጦት አይደለም፤ መገዛቱ ካልቀረ ደግሞ ከሸማኔው እጅ ሲገዛ ትርፉ ለለፋው ይደርሳል። ዓሣውን ግን እዚያው ሐይቁ ዳር መብላት ነው፤ መንገዱን አይችልም።